ሕዝብ ተናገረ፤ ማን መለሰለት?

የምርጫ ወረዳ አከፋፈል የሚባለው ነገር ገና ስሙ ሲጠራ እንቅልፍ ያመጣል። በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ምን እንደምጽፍ ጓደኞቼ ጠይቀውኝ በነገርኳቸው ጊዜ አንደኛው «ጂኦግራፊ ነው ወይስ ሒሳብ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱም አለበት። ዳሩ ግን ከሁለቱም ይልቅ የሙግት ነገር ነው፤ ሙግት ደግሞ የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚወደው ስለ ሆነ አንባቢዎቼ እስከ መጨረሻው እንደሚታገሡኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የተፈጸመው በሩቅ አገር ነው፤ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በዲትሮይት ከተማ። ኦክቶበር 20 ቀን 2021 የዲትሮይት ነዋሪዎች ወደ አንድ ትልቅ አዳራሽ መጥተው፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ አንድ በአንድ ድምፅ ማጉያው ፊት እየቆሙ ስለ አዲሱ የምርጫ ወረዳ ካርታ የሚያስቡትን ተናገሩ። ካርታውን እንዲሥሉ ሥልጣን የተሰጣቸው ኮሚሲዮነሮችም አዳመጡ። እኔ ለመጻፍ የተነሣሁት ከማዳመጡ በኋላ ስለ ሆነው ነው። የስብሰባዎቹ ፊልምና በጽሑፍ የተገለበጠው ቃል ለማንኛውም ሰው ክፍት ስለ ሆነ፣ ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ብዙውን ተመልክቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩባቸው በቀር በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ሰው እርሳስ ይዞ መሥመር በማስመር ብቻ ምርጫ ሊያሸንፍ የሚችለው እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳ። ኀምሳ ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል እንውሰድ፤ የኛ ክፍል ከዚህ ይበልጣል፣ ለስሌት እንዲመች ግን ኀምሳ ይሁን። ሠላሳዎቹ እግር ኳስ፣ ሃያዎቹ መረብ ኳስ ይወዳሉ። ክፍሉ ዐሥር ዐሥር እየሆነ በአምስት ቡድን ይከፈልና እያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ እንደራሴ ይመርጣል። የቡድኑን አከፋፈል እንዲወስን የተሾመው አለቃ የመረብ ኳስ ወዳጅ ነው እንበል። አለቃው በሁለቱ ቡድኖች ውስጥ ዘጠኝ ዘጠኝ የእግር ኳስ ወዳጆች ያጭቃል፤ የቀሩትን ደግሞ በሦስቱ ቡድኖች አራት አራት አድርጎ ይበትናቸዋል። ዘጠኝ ሁለት ጊዜ ዐሥራ ስምንት፣ አራት ሦስት ጊዜ ዐሥራ ሁለት፣ በጠቅላላው ሠላሳ። ማንም ሁለት ጊዜ ድምፅ አልሰጠም፤ ኮሮጆም አልተሰረቀም። ነገር ግን ሃያዎቹ ሦስት እንደራሴ ሲያገኙ ሠላሳዎቹ ሁለት ብቻ አገኙ። አንደኛው ዘዴ ማጨቅ ነው፤ ሁለተኛው መበተን ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ይፈለጋሉ።

አሜሪካኖች ለዚህ ተንኰል ስም አውጥተውለታል። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጄሪ የራሱን ፓርቲ የሚጠቅም የወረዳ አከፋፈል ሕግ ፈረመ። ከወረዳዎቹ አንዱ እጅግ ከመጠማዘዙ የተነሣ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮበት እንደ አውሬ ሣለው። ሳላማንደር ከሚባለው እንሽላሊት መሰል ፍጡርና ከገዥው ስም ተቀጥሎ «ጄሪማንደር» ተባለ። ሰውየው ኋላ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል፤ ዛሬ ግን የሚታወሰው በዚያ አውሬ ነው።

በሚሺጋንም ካርታውን የሚሥሉት የምክር ቤት አባሎች ራሳቸው ነበሩ። ይኸውም ተፈታኙ የራሱን ፈተና ያወጣል እንደ ማለት ነው። በኖቬምበር 2016 ኬቲ ፌሂ የምትባል ወጣት በፌስቡክ ገጿ ላይ ይህን ነገር መታገል እንደምትፈልግና የሚረዳት ሰው ካለ እንዲያስታውቃት ጻፈች። ከዚያች አጭር መልእክት ተነሥቶ ከ400 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። በ2018 በተደረገው ምርጫ 61 ከመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪ ሐሳቡን ስለ ደገፈው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ተሻሻለ፤ ካርታ የመሣል ሥልጣንም ከምክር ቤቱ ወጥቶ ለዐሥራ ሦስት ተራ ዜጎች ተሰጠ። አራቱ ከዴሞክራት ወገን፣ አራቱ ከሪፐብሊካን ወገን፣ አምስቱ ከሁለቱም ያልሆኑ ናቸው። ከ9 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ የተለዩት በዕጣ ነው። ሕገ መንግሥቱም ኮሚሲዮኑ ካርታ ከማርቀቁ በፊት ቢያንስ ዐሥር ጊዜ፣ ካረቀቀ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አምስት ጊዜ ሕዝብ ፊት ቀርቦ የሕዝቡን ቃል እንዲሰማ ያዝዛል።

እኔ ይህን ሥርዓት አደንቃለሁ፤ የምነቅፈው ነገር ስላለኝ አድናቆቴን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። በ2021 ከሜይ ወር ጀምሮ ኮሚሲዮኑ ከከተማ ከተማ እየዞረ ዐሥራ ስድስት ስብሰባ አደረገ። ከዚህም በቀር በጽሑፍ የመጣው አስተያየት በሺህ የሚቈጠር ነበር። የዲርቦርን ዐረቦችና የሃምትራምክ ባንግላዴሾች ሰፈራችን ለሁለት እንዳይቈረጥ፣ አንድ ላይ እንድንሆን እያሉ ለመኑ። ሕጉም እንዲህ ያለውን ልመና ይቀበላል፤ የጋራ ጥቅምና የጋራ ኑሮ ያላቸው ሰዎች በአንድ ወረዳ እንዲሆኑ መጠበቅ ከካርታው መስፈርቶች አንዱ ነውና። ጓሮውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የሚያውቀው በዚያ የሚኖረው ሰው ነው። በኮምፒዩተር ላይ ያለው ቁጥር ይህን አይናገርም።

ከዚያ በኋላ ረቂቁ ወጣ።

ዲትሮይት በ2020 ቈጠራ 639,111 ነዋሪዎች የነበሯት ከተማ ናት። ከአራት ነዋሪዎቿ ሦስቱ ያህል ጥቁሮች ናቸው። በሰሜን በኩል ኤይት ማይል የሚባል ጐዳና ከዳርቻ ከተሞች ይለያታል፤ ጐዳናው ለብዙ ዘመን የጥቁርና የነጭ ሰፈር ድንበር ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በረቂቁ ካርታ ብዙ ወረዳዎች ከዲትሮይት ውስጥ ተነሥተው፣ ያን ጐዳና ተሻግረው፣ እንደ ቋንጣ እየቀጠኑና እየረዘሙ ወደ ዳርቻዎቹ ገቡ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ወረዳ ጥቂት የዲትሮይት ሰውና ጥቂት የዳርቻ ሰው ተቀላቀለ። ጥቁሮች ከግማሽ በላይ የሆኑባቸው ወረዳዎች ቁጥር ከቀድሞው በጣም ቀነሰ።

በኦክቶበር 20 ቀን የመጡት ሰዎች የተቃወሙት ይህንኑ ነው። ከመካከላቸው የምክር ቤት አባሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን ተራ ነዋሪዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተፈቀደለት ጊዜ እጅግ አጭር ነበር፤ የእኛ ሰው ቢሆን በዚያ ጊዜ ሰላምታውን እንኳ አይጨርስም። በዚያች አጭር ጊዜ የተናገሩት ነገር በብዙ ልዩ ልዩ ቃል ቢነገርም ፍሬው አንድ ነበር፤ በዚህ ካርታ ከሄድን እኛ የምንፈልገውን ሰው መምረጥ አንችልም የሚል ነው። የግዛቱ የሲቪል መብቶች መሥሪያ ቤት እንኳ ረቂቁ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ይጐዳል ሲል አስጠንቅቋል።

ለምን አይችሉም? ይህ ቦታ ጥቂት መቆየት የሚገባው ነው። በዲትሮይት አካባቢ ዴሞክራት ሁልጊዜ ያሸንፋል። ስለዚህ በኖቬምበር የሚደረገው አጠቃላይ ምርጫ ለዚያ ሰፈር ሰው ብዙም አያጠያይቅም፤ እውነተኛው ምርጫ በኦገስት፣ ዴሞክራቶች ከራሳቸው ወገን ዕጩ በሚለዩበት ጊዜ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ጥቁሮች ከመቶ አርባ ቢሆኑ፣ በኖቬምበር ከጐረቤቶቻቸው ዴሞክራቶች ጋር ሆነው ያሸንፋሉ። በኦገስት ግን እነዚሁ ጐረቤቶች ሌላ ዕጩ ይዘው ይመጣሉ። እንግዲህ የኖቬምበርን ቁጥር ብቻ ያየ ባለሙያ «አትጨነቁ፣ ታሸንፋላችሁ» ይላል፤ በሰፈሩ የሚኖር ሰው ደግሞ «ማነው የሚያሸንፈው? የኔ ዕጩ ነው ወይስ የነሱ?» ብሎ ይጠይቃል። የኮሚሲዮኑ ባለሙያዎች በዋነኛነት የተመለከቱት የአጠቃላዩን ምርጫ ቁጥር ነበር።

ለኮሚሲዮነሮቹ ፍርድ ላጓድልባቸው አልሻም። እነሱ ክፉ አስበው አልነበረም። ጠበቃና ባለሙያ ቀጥረው ነበር፤ እነዚያም የድሮው ካርታ ጥቁሮችን በጥቂት ወረዳዎች አጭቋቸዋል፣ በ1965 የወጣውን የመምረጥ መብት ሕግ ለማክበር በእያንዳንዱ ወረዳ ያለውን የጥቁሮች ድርሻ ከመቶ ወደ አርባ ገደማ ዝቅ ማድረግ ይገባል ብለው መከሩ። ማጨቅ መጥፎ መሆኑን ከላይ ያየነው ነው። ነገር ግን ከማጨቅ የሚሸሽ ሰው ሲሮጥ መበተን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ጊዜውም አልረዳቸውም፤ በኮቪድ ምክንያት የቈጠራው ውጤት የደረሳቸው በኦገስት 2021 አጋማሽ ሲሆን ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸው ቀነ ገደብ ኖቬምበር 1 ነበር። የግዛቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተጨማሪ ጊዜ ቢለምኑ ፈቃድ አላገኙም። ዐሥራ ሦስት ሰዎች፣ አንዳቸውም ከዚያ በፊት ወረዳ ከፍለው የማያውቁ፣ በችኰላ የሦስት ምክር ቤቶችን ካርታ ለመሣል ተቀመጡ።

የማልቀበለው ከዚያ በኋላ የተደረገውን ነው። ከዲትሮይት በኋላ በላንሲንግ፣ በግራንድ ራፒድስ፣ በጌይሎርድና በፍሊንት ተሰብስበው ኦክቶበር 26 የሕዝቡን ቃል መስማት ጨረሱ። በማግሥቱ፣ ኦክቶበር 27 ቀን፣ ኮሚሲዮኑ በር ዘግቶ ተሰበሰበ። የተነጋገሩት ስለ ምን ነበር? ጠበቆቻቸው ስለ መምረጥ መብት ሕግና በሚሺጋን ስለ ነበረው የዘር አድልዎ ታሪክ ስለ ጻፏቸው ሁለት ማስታወሻዎች ነው። ሕዝብ ከሳምንት በፊት በአደባባይ የጮኸበትን ጉዳይ በዝግ ቤት ተወያዩበት። ጋዜጦች ከሰሱ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ዲሴምበር 20 ቀን አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ስብሰባው በግልጽ መደረግ ነበረበት ብሎ የተቀዳው ድምፅ እንዲወጣ አዘዘ። ሦስቱ ዳኞች ባይስማሙም እኔ ከአራቱ ጋር ነኝ። ሕዝብን በአደባባይ ሰምቶ መልሱን በጓዳ መማከር ከአንድ የሕዝብ ኮሚሲዮን የሚጠበቅ አይደለም።

ዲሴምበር 28 ቀን 2021 ካርታዎቹ ጸደቁ። እያንዳንዱ ካርታ የዛፍ ስም ተሰጥቶት ነበር፤ የታችኛው ምክር ቤት ሂኮሪ፣ የሴኔቱ ሊንደን፣ የፌዴራሉ ኮንግረስ ቼስትነት ይባሉ ነበር። ዛፎቹ ያማሩ ናቸው። በዲትሮይት በኩል አንዳንድ መሥመር ተነካክቷል፤ ዋናው አሣሣል ግን አልተለወጠም። ያን ዕለት አዳራሽ መጥተው የተናገሩት ሰዎችም ቃላቸው ለምን እንዳልተቀበሉት የሚገልጽ መልስ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት አላገኙም።

በ2022 የተደረገው ምርጫ ውጤት ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ስለዚህ መደበቅ አይገባኝም። ዴሞክራቶች ለአርባ ዓመት ያህል አጥተውት የኖሩትን ሥልጣን አገኙ፤ ሁለቱንም የግዛቱን ምክር ቤቶችና የገዥነቱን ወንበር በአንድ ጊዜ ያዙ። ድምፅና ወንበር ከቀድሞው ይልቅ ተቀራረቡ፤ ካርታው በግዛቱ በሙሉ ሲታይ ከድሮው የተሻለ ነበር። በሌላ በኩል ግን ከ1955 ጀምሮ ሳይቋረጥ ጥቁር እንደራሴ ወደ ኮንግረስ ስትልክ የኖረችው ዲትሮይት በጃንዋሪ 2023 አንድም አልነበራትም። ለዚህ ካርታው ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ በአንዱ ወረዳ ብዙ ጥቁር ዕጩዎች ቀርበው ድምፁን ተከፋፍለውት ነበር። ቢሆንም ሕዝቡ በአዳራሹ የፈራው ነገር ይኸው ነው።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «የብዙኀኑ ጥቅም ከተጠበቀ የአንድ ከተማ ቅሬታ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ይህ ክርክር ጠንካራ ይመስላል። ዳሩ ግን ሒሳቡን የሚከፍለው ሁልጊዜ አንድ ወገን ከሆነ ሒሳቡ ትክክል አይደለም። የዲትሮይት ሰው ፓርቲዬ ይሸነፍ አላለም፤ ፓርቲዬ የሚያሸንፈው እኔ በራሴ ሰፈር ድምፄን በማጣቴ አይሁን ነው ያለው። ደግሞስ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻል እንደሆነ ማን ሞከረው? በኋላ እንደ ታየው በዲትሮይት ያለውን መሥመር እንደ ገና መሣል ይቻል ነበር።

በማርች 2022 የዲትሮይት ነዋሪዎች የሆኑ ጥቁር መራጮች ኮሚሲዮኑን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዲሴምበር 21 ቀን 2023 ሦስት ዳኞች ያሉበት ችሎት ውሳኔውን ሰጠ፤ ዳኛ ሬይመንድ ኬትሌጅ የጻፈው ነው። በዲትሮይትና በአካባቢው ያሉ ዐሥራ ሦስት ወረዳዎች፣ ሰባቱ የታችኛው ምክር ቤት፣ ስድስቱ የሴኔት፣ በዋነኛነት በዘር ተለይተው የተሣሉ ስለ ሆኑ ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር አይስማሙም ተባለ። ዳኞቹ ይህን ያረጋገጡት በምንድን ነው? ከሁሉ ይልቅ በኮሚሲዮነሮቹ በራሳቸው ቃል ነው። በግልጽ ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ከዚህ ወረዳ ይህን ያህል ጥቁር እናውጣ፣ ወደዚያ እንጨምር እያሉ የተነጋገሩት ሁሉ ተቀድቶ፣ ተገልብጦ፣ በሺህ የሚቈጠር ገጽ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። የኦገስቱ ምርጫ ነገርም ተነሣ፤ ባለሙያዎቹ ያላዩትን ቁጥር ፍርድ ቤቱ አየው።

ኮሚሲዮኑ የታችኛውን ምክር ቤት ካርታ እንደ ገና ሣለ። አዲሱ ካርታ «ሞታውን ሳውንድ» የሚል ስም ነበረው፤ ሞታውን በዲትሮይት የተወለደው ዝነኛ የሙዚቃ ኩባንያ ነው። በዛፍ ፋንታ የከተማይቱን ዘፈን መምረጣቸው አንድ ነገር ሳይገባቸው እንዳልቀረ ያሳያል መሰለኝ። ፍርድ ቤቱ በማርች 2024 አጸደቀው፤ የዚያው ዓመት ምርጫም በእሱ ተደረገ። የሴኔቱ ካርታ ደግሞ በጁላይ 2024 ጸድቆ ለ2026 ምርጫ እንዲሆን ተወሰነ።

እንግዲህ ከአዳራሹ ንግግር እስከ ፍርዱ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። በመካከሉ አንድ ሙሉ ምርጫ በተበላሸ ካርታ ተደርጓል። የሴኔቱ ወረዳዎች ደግሞ እስኪለወጡ አራት ዓመት መቆየት ነበረባቸው። ለጠበቃና ለባለሙያ የወጣው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በዚህ ገንዘብ የተሠራው ሥራ ሰዎቹ በዚያ ቀን በነጻ የነገሯቸውን ነገር ማረጋገጥ ሆነ።

አንዳንድ ሰው ከዚህ ተነሥቶ እንዲህ ያለው ስብሰባ ለይምሰል ነው፣ ሕዝብ ቢናገር ባይናገር አንድ ነው ይላል። በክፍላችን የሥነ ዜጋ ክርክር ላይ ይህን ሐሳብ የደገፉ ብዙዎች ነበሩ፤ «ያሸነፈው ጠበቃው እንጂ ተናጋሪው አይደለም» አሉ። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ከሳሾቹ እነማን ነበሩ? ያው የዲትሮይት ሰዎች ናቸው። ጠበቃው የያዘው ማስረጃስ? በግልጽ ስብሰባ የተነገረ ቃል ነው። ሁሉም ነገር እንደ ኦክቶበር 27ቱ በር ተዘግቶ ተነጋግረውበት ቢሆን ኖሮ ዳኞቹ ምን ያነቡ ነበር? ስለዚህ ግልጽ ስብሰባ ይቅር የሚል ሰው ለካርታ ሣዩ እንጂ ለሕዝቡ አይጠቅምም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይሻላል። ወደ ስብሰባ የሚመጣው ሰው ሕዝቡ አይደለም፤ ጊዜ ያለው፣ መናገር የማያሳፍረው፣ ወይም አንድ ድርጅት በአውቶቡስ ጭኖ ያመጣው ሰው ነው ይላል። ይህ እውነትነት አለው። በፋብሪካ የማታ ተራ የሚሠራ አባት፣ ሕፃን የታቀፈች እናት እንዴት ይመጣሉ? ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው የመጡትን አንስማ ማለት አይደለም። የሚከተለው፣ የሰማነውን በእጅ ብዛት ሳይሆን በነገሩ ክብደት እንመዝን ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ «የተመለከታችሁት የኖቬምበርን ቁጥር ነው፤ የኦገስቱንስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መቶ ሰው ባያጨበጭብለትም ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

እኔ የጐደለ የሚመስለኝም መልሱ ነው። የሚሺጋን ሕገ መንግሥት ስሙ ይላል፤ መልሱ አይልም። እርግጥ ኮሚሲዮኑ ካርታውን ካጸደቀ በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገ የሚገልጽ ሪፖርት ማውጣት አለበት። ይህ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሪፖርቱ የሚጻፈው ለተጠናቀቀ ነገር መከላከያ እንዲሆን እንጂ ነገሩን ለመለወጥ አይደለም። አያቴ እንደሚነግሩኝ፣ በዱሮ ጊዜ በዛፍ ሥር በሚዋለው ሸንጎ ተሟጋቹ ተናግሮ ሲጨርስ ዳኛው ሰምቻለሁ ብሎ ተነሥቶ አይሄድም ነበር። በመጀመሪያ የተባለውን ነገር ራሱ ደግሞ ይናገረዋል፤ ተሟጋቹም ልክ ነው ወይም አይደለም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ ከነምክንያቱ ይሰጣል። የተረታው ሰው እንኳ ለምን እንደ ተረታ አውቆ ይሄዳል፤ አልቀበልም ካለም ይግባኝ የሚለው ምኑን እንደ ሆነ ያውቃል።

ኮሚሲዮኑም ይህን ማድረግ ያቅተው ነበር? እያንዳንዱን የሺህ ሰው ደብዳቤ ለየብቻ ይመልስ አላልኩም። ግን የሰዎቹ ነገር ብዙ ቢመስልም ሲጨመቅ ጥቂት ነው። በዲትሮይት የቀረበውን ሁሉ አንድ ጸሐፊ በሁለት ቀን ውስጥ በዐሥር ነጥብ ሊያጠቃልለው ይችላል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ነጥብ ተቀብለናል፣ መሥመሩን እንዲህ ለውጠናል፤ ወይም አልተቀበልንም፣ ምክንያታችን ይህ ነው ተብሎ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይታተም። ኮሚሲዮኑ እንዲህ እንዲጽፍ ግዴታ ቢኖርበት ኖሮ ስለ ኦገስቱ ምርጫ ምን ይጽፍ ነበር? ቁጥሩን አልተመለከትነውም ብሎ በገዛ እጁ መጻፍ ሊኖርበት ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከመጻፉ በፊት ቁጥሩን መፈለጉ አይቀርም። መልስ የመስጠት ግዴታ ጥቅሙ ለጠያቂው ብቻ አይደለም፤ መላሹን ያሳስበዋል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። በኛ አገር የምርጫ ክልል የምንለው ነገር እንደ ሚሺጋን በጥቁርና በነጭ፣ በዴሞክራትና በሪፐብሊካን የሚከፈል አይደለም፤ ስለዚህ ያንን መስፈርት እንዳለ አምጥቼ እዚህ ልለካበት አልፈልግም። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 103 የሕዝብ ቈጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንደሚደረግና፣ የምርጫ ክልሎችም በቈጠራው ውጤት መሠረት የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደሚወሰኑ ተጽፏል። በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው ቈጠራ በኋላ የሚቀጥለው በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወስኗል። የአዲስ አበባን ዳርቻ ያየ ሰው ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሰፈር እንደ በቀለ፣ ስንት ሰው ከመሐል ከተማ ወደ ዳር እንደ ሄደ ሳይነገረው ያውቃል። አዲስ ቈጠራ ሲደረግና ረቂቁ ሲወጣ መሥመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚመለከተው የዚያን ሰፈር ሰው ነው።

እኔ ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ድምፅ ለመስጠት ዕድሜዬ ደርሷል። ያ ቀን ሲመጣ ረቂቁ ካርታ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ማንም ቆሞ ሊያነበው በሚችል ትልቅነት፣ ቢያንስ ለሁለት ወር ተለጥፎ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። ስብሰባው ሠራተኛ በሚፈታበት ሰዓት ወይም በእሑድ እንዲሆን፣ የተነገረውም ቃል ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ከስብሰባው በኋላ ደግሞ በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከካርታው አጠገብ፣ ሁለተኛ ወረቀት ይለጠፍ፤ በግራ በኩል የኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል የነሱ መልስ።